የጧፍ ሱቁ ሒሳብ

ብዙ አጥቢያዎች የጧፍ፣ የሻማና የዕጣን መሸጫ ሱቅ አሏቸው፤ ሒሳቡ ግን አብዛኛውን ጊዜ በሻጩ ልብ ብቻ ተይዞ ይኖራል። በአንድ ደብር ቆጠራ ቢደረግ ጉድለት ታየ፤ ለረጅም ዘመን ያገለገሉ አባትም ስማቸው በሐሜት ተነሣ። ስናጣራ የጎደለው ጧፍ ሳይመዘገብ ለማኅሌት የተወሰደ ሆኖ ተገኘ።

ስለዚህ ዕቃ ሲገባ በሞዴል 19፣ ሲወጣ በሞዴል 22 ይሁን፤ ቀሪውም በቢን ካርድ ይታይ። የዕለቱ ሽያጭ በዕለቱ ለገንዘብ ያዥ ገቢ ሆኖ ደረሰኝ ይቆረጥለት። የሚሸጠውና የሚቆጥረው አንድ ሰው አይሁን፤ ወርኃዊውን ቆጠራ የሰበካ ጉባኤው ተቆጣጣሪ ሻጩ ባሉበት ያድርግ። ለቤተ መቅደስ አገልግሎት የሚወጣውም ቢሆን ያለ ፊርማ አይውጣ፤ ብዙው ስሕተት የሚገባው በዚህ በር ነውና።

ይህን ለካህናት ስንናገር አለመታመን እንዳይመስልብን ፈርተን ነበር። ካርዱን አስቀድመው የጠየቁን ግን እኒያው አባት ናቸው።