እንዶድና የአጣቢዎቹ ዕውቀት

የመቱ ልጅ ሁሉ እንዶድን ያውቃል፤ በኦሮምኛ ሀንዶዴ ይባላል። በጫካ ዳርና በአጥር ላይ የሚንጠላጠል ቁጥቋጦ ነው። ወንዴውና ሴቴው ለየብቻ ይበቅላሉ፤ እንደ ወይን ዘለላ የሚንዠረገገውን ፍሬ የምትሰጠው ሴቴዋ ናት።

ሳሙና እንደ ልብ ሳይገኝ እናቶቻችን ፍሬውን አድርቀውና ወቅጠው ጋቢና ነጠላ ያጥቡበት ነበር። አረፋ የሚያወጣው ሳፖኒን የተባለው ንጥረ ነገር ነው። ይኸው ነገር ዓሣንና ቀንድ አውጣን ይገድላል። ስለዚህ ለትል ወይም ጽንስ ለማስወረድ ተብሎ ሲጠጣ የሰውንም ሕይወት ሊያጠፋ ይችላልና ከዚህ እንጠንቀቅ።

በ1964 እ.ኤ.አ. ዶክተር አክሊሉ ለማ በአድዋ፣ ልብስ ከሚታጠብበት ሥፍራ በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አዩ። ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፈው ቀንድ አውጣ በመሆኑ ምርምሩን ቀጠሉ፤ በ1989 እ.ኤ.አ. ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር የራይት ላይቭሊሁድን ሽልማት ተቀበሉ።

ወንድሞችና እኅቶች! የምርምሩ መነሻ የአጣቢ ሴቶች ሥራ ነበር። እኛስ ለዕረፍት ኢሉባቦር ስንገባ፣ በሶር ወንዝ ዳር ያረጁትን እናቶች ምን ጠይቀናቸው እናውቃለን? ሳሙናው እንዶድን ተክቷል፤ ዕውቀታቸውን ግን የሚተካው የለም። ሳያልፉ እንጠይቃቸው፤ የነገሩንንም እንጻፈው።