የሞተር ሳይክል የኋላ ፍሬን ሸራ ያልተመጣጠነ መበላት

የኋላ ፍሬን ሸራ ያልተመጣጠነ መበላት የሚባለው በሞተር ሳይክል የኋላ ጎማ ፍሬን ላይ ካሉት ሁለት ሸራዎች አንዱ ከሌላው ቀድሞ ሲሳሳ፣ ወይም አንዱ ሸራ ራሱ በአንድ ጫፉ ወፍሮ በሌላው ጫፉ ሲቀጥን ነው። ሸራ በአገልግሎት ብዛት ማለቁ የተለመደ ነው። አንዱ ብቻ ተለይቶ ሲያልቅ ግን ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ ያለው ሸራው ላይ ሳይሆን ሸራውን በሚገፋው ወይም በሚይዘው ክፍል ላይ ነው። ስለዚህ ምክንያቱ ሳይታወቅ ሸራ ብቻ ቢቀየር አዲሱም በዚያው መልክ ያልቃል።

ጉዳዩ ከደኅንነትም ጋር የተያያዘ ነው። ለዓይን ቅርብ የሆነው ሸራ ገና ወፍራም ሆኖ ሳለ በጎማው በኩል የተደበቀው አልቆ ብረቱ ዲስኩን እየፋቀ ሊሆን ይችላል። በዚህ ምክንያት ፍሬን ሲፈተሽ ሁለቱንም ሸራዎች ማየት ያስፈልጋል።

አሠራሩ

በብዙ ሞተር ሳይክሎች ላይ ያለው የኋላ ዲስክ ፍሬን ተንሸራታች ካሊፐር አለው። ካሊፐር ሁለቱን ሸራዎች ይዞ ዲስኩን ከግራና ከቀኝ የሚጨብጠው ክፍል ነው። በዚህ ዓይነቱ ካሊፐር ፒስተን የሚገኘው በአንድ ወገን ብቻ ነው። አሽከርካሪው ፔዳሉን ሲረግጥ የፍሬን ዘይቱ ግፊት ፒስተኑን ይገፋል፤ ፒስተኑም በእሱ በኩል ያለውን ሸራ ከዲስኩ ጋር ያጣብቃል። ግፊቱ በዚያው ጊዜ የካሊፐሩን አካል በተቃራኒው አቅጣጫ በፒኖቹ ላይ ያንሸራትተዋል፤ በዚህም ማዶ ያለው ሸራ ከሌላኛው የዲስኩ ፊት ጋር ይጣበቃል። ፔዳሉ ሲለቀቅ በፒስተኑ ዙሪያ ያለው ጎሚኒ ወደ ቀድሞ ቅርጹ ይመለሳል፤ ሲመለስም ፒስተኑን በጥቂቱ ወደ ኋላ ይስበዋል።

ሁለቱ ሸራዎች ተመጣጥነው የሚበሉት ፒስተኑም ፒኖቹም በነጻ ሲንቀሳቀሱ ነው። የኋላ ፍሬን ጎማው የሚረጨው ጭቃ፣ ውኃና አቧራ ስለሚደርስበት እነዚህ ክፍሎች ካልጸዱ ይዝጋሉ ወይም ይጣበቃሉ።

የአበላሉ መልክና ምክንያቱ

በፒስተኑ በኩል ያለው ሸራ ብቻ ካለቀ፦ ካሊፐሩ የሚንሸራተትባቸው ፒኖች ደርቀዋል ወይም ዝገዋል፤ ወይም ፒስተኑ ከተገፋ በኋላ አይመለስም። ፒኖቹ ሲጣበቁ ማዶ ያለው ሸራ ሥራውን በሚገባ ስለማይሠራ የማቆም ኃይሉም ይቀንሳል።

ማዶ ያለው ሸራ ብቻ ካለቀ፦ ካሊፐሩ በግፊት ቢንሸራተትም ፔዳሉ ሲለቀቅ ተመልሶ አይላላም። እዚህም መጀመሪያ የሚፈተሹት ፒኖቹ ናቸው።

ሸራው በአንድ ጫፉ ብቻ ከሳሳ፦ ካሊፐሩ ዘሞ ቆሟል ማለት ነው። ፒኖቹ ተበልተው መላወስ፣ የመያዣው ብረት መጣመም፣ የቡሎን መላላት ወይም የሸራ መያዣው ስፕሪንግ መጥፋት ወይም በትክክል አለመግባት ምክንያት ሊሆን ይችላል።

ሁለቱም ሸራዎች እኩል ግን ቶሎ ካለቁ፦ ይህ ያልተመጣጠነ መበላት አይደለም። እግርን ፔዳሉ ላይ አሳርፎ የመንዳት ልማድ፣ የፔዳል አስተካከል ወይም ሳይለቀቅ የቀረ የዘይት ግፊት ሊሆን ይችላል።

የፍተሻ ቅደም ተከተል

ሞተሩ በመሃል ማቆሚያው ይቆማል፤ ማርሹ ዜሮ ላይ ይደረጋል። ጎማው በእጅ ከተሽከረከረ በኋላ ፔዳሉ ተረግጦ ይለቀቃል፤ ጎማው እንደገና ይሽከረከራል። ከበፊቱ ይልቅ ከከበደ ፍሬኑ አልለቀቀም። በዚህ ጊዜ የካሊፐሩ የአየር ማስወጫ ቡሎን በጥቂቱ ሲላላ ጎማው ነጻ ከሆነ ግፊት ታምቆ ነበር ማለት ነው፤ ችግሩም በፔዳሉ አስተካከል፣ በፍሬን ፖምፓው ወይም በጎማ ቱቦው ውስጥ ይፈለጋል። ነጻ ካልሆነ ግን ፒስተኑ ወይም ፒኖቹ ተጣብቀዋል። ቡሎኑ ከተነካ በኋላ ከሥርዓቱ አየር መውጣት አለበት፤ የፍሬን ዘይት ቀለም ስለሚያበላሽም የፈሰሰው ወዲያው በውኃ ይታጠባል።

ቀጥሎ ካሊፐሩ ተፈትቶ በእጅ ይገፋል። በፒኖቹ ላይ ያለ ችግር መንሸራተት አለበት። ፒስተኑም ቀስ ተብሎ ወደ ውስጥ ሲገፋ ሳይነክስ መግባት ይኖርበታል።

የታምቡር ፍሬን

በብዙ ቀላል ሞተር ሳይክሎች የኋላ ፍሬኑ ታምቡር ነው። በውስጡ ካሉት ሁለት ሸራዎች አንዱን የጎማው ዙረት ወደ ታምቡሩ ይበልጥ ይስበዋል፤ ሌላውን ግን ከታምቡሩ ይገፋዋል። ስለዚህ በሁለቱ መካከል የሚታይ መጠነኛ ልዩነት ብልሽት ላይሆን ይችላል። ልዩነቱ ከጎላ ሸራዎቹን የሚከፍተው ካም መድረቁ ወይም መቀመጫው መበላቱ፣ እንዲሁም የመመለሻ ስፕሪንጎቹ መላላት ይፈተሻል።

ጥገና

የደረቁ ፒኖች ጸድተው ለፍሬን ተብሎ የተሠራ የሲሊኮን ግሪስ ይቀባሉ። ተራ ግሪስ ጎሚኒውን ሊያሳብጠው ስለሚችል አይመከርም። የዛገ ፒን ወይም የተቀደደ ጎሚኒ ይቀየራል። ሸራ የሚቀየረው በጥንድ ነው፤ ምንም እንኳ አንዱ ገና ወፍራም ቢሆን። ብዙ ሸራዎች የማለቂያ ምልክት አላቸው፤ የቀረው ውፍረት ወደ 1 ሚሊ ሜትር ሲጠጋ ብዙውን ጊዜ መቀየር ይገባዋል። ዲስኩ ላይ የተጻፈው ዝቅተኛ ውፍረትም ይመሳከራል። የሸራ ብናኝ ለሳንባ ጎጂ በመሆኑ በአየር መንፋት አይገባም፤ በፍሬን ማጽጃ ወይም በእርጥብ ጨርቅ ይጠረጋል። ከጥገናው በኋላ ሞተሩ ከመነዳቱ በፊት ፔዳሉ ጠንከር እስኪል ድረስ ደጋግሞ መረገጥ አለበት፤ አለበለዚያ የመጀመሪያው ፍሬን ባዶ ሊሆን ይችላል።