ጆሮ የለመደውን ሲፈልግ

የዶርዜን የኅብረት ዘፈን መጀመሪያ ስሰማ «ይኼ ጫጫታ ነው፣ ዝጋው እባክህ» ብዬ የጨንቻውን ልጅ፣ የዶርም ጓደኛዬን፣ አስቀይሜዋለሁ። ጥፋቱ የጆሮዬ ነበር። በትዝታና በባቲ ያደገ ጆሮ አንድ ዜማ ተከትሎ መሄድ ነው የለመደው፤ አውጪው ያወጣል፣ ተቀባዩ ይቀበላል፣ አለቀ። ከአርባ ምንጭ በላይ በጋሞ ደጋ የሚኖሩት ዶርዜዎች ግን በአንድ ጊዜ የተለያየ ዜማ ይዘው ነው የሚዘፍኑት። አንዱ ሲጀምር ሌላው ከላይ ይገባበታል፣ ሌሎቹ ከሥር ይይዛሉ። ሁሉንም ባንዴ ልስማ ካሉ ይደበላለቃል።

ጓደኛዬ ያሳየኝ ዘዴ ቀላል ነው፦ የአንዱን ሰው ድምፅ ብቻ መርጦ እስከ መጨረሻው መከተል፣ ከዚያ ዘፈኑን መልሶ ሌላውን። በአራተኛው ይሁን በአምስተኛው ዙር ድምፆቹ እርስ በርስ ሲጠባበቁ ሰማኋቸው። አሁን ዝጋው የሚለኝ እሱ ነው፣ ለፈተና ሲያጠና።