ጀበናው ቢሰበርም ቡናው አልቀረም

ባለፈው ቅዳሜ ከኮሎምበስ በስተደቡብ ምሥራቅ ወደሚገኘው የዛለስኪ ደን ስንቃችንን አዝለን በእግር የገባነው አራት ሆነን ነበር። ከመካከላችን ሁለቱ ከምርጫ 97 ወዲህ ሰላምታ ተለዋውጠው አያውቁም።

አንዱ የሸክላ ጀበና በፎጣ ጠቅልሎ ይዟል። (ሸክላ በጀርባ አይያዝም ብለን ነበር፤ ማን ይስማ!) የመጀመሪያውን ዳገት ሳንጨርስ የጀበናው አንገት ተሰበረ።

እናም በትንሿ የጋዝ ምድጃ ላይ በአሉሚኒየም ድስት አፈላን። ለመንገደኛ የሚበጀው ቡናውን ቤት ቆልቶ፣ በመነሻው ዋዜማ ወቅጦ፣ አየር በማያስገባ ዕቃ መያዝ ነው። ለአንድ ሊትር ውሃ 60 ግራም ይበቃል። ውሃው ሲፈላ ዱቄቱን መጨመር፤ ሊገነፍል ሲል ማውረድ፤ ጥቂት አብርዶ መልሶ መጣድ። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ መታገሥ ብቻ ነው፤ አተላው እስኪዘቅጥ 5 ደቂቃ ያህል ሳይነካኩ። የቸኮለ ዱቄት ይጠጣል።

የመንገድ ቡና ለአገራችን እንግዳ አይደለም። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1790 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ፣ የኦሮሞ ዘማቾች የተቆላና የተወቀጠ ቡና ከቅቤ ጋር አድቦልቡለው በቆዳ ከረጢት ይይዙ እንደነበር ጽፏል። ድስት እንኳ አላስፈለጋቸውም።

አቦሉ በዝምታ ተጠጣ። ቶናው ላይ ከኩርፈኞቹ አንዱ «ስኳሩን አቀብለኝ» አለ። ሌላው አቀበለው። በረካውን ስንጠብቅ ክርክሩ እንደ ድሮው ተጀመረ፤ ድንኳናችንን የተከልነው በጨለማ ነው።