ለ37 ዓመት ሳይከፈል የቆየው የሳፋሪ ዕዳ

እ.ኤ.አ. በ1974 የፈረንጆች ፋሲካ ሰሞን ነው። ስዊድናዊው ቢዮርን ዋልደጋርድ ከረዳቱ ሃንስ ቶርዜሊየስ ጋር የምሥራቅ አፍሪካውን የሳፋሪ ራሊ በፖርሽ 911 ካሬራ አር ኤስ እየመራ ነበር። ፖርሽ በአውሮፓ ሞንቴ ካርሎን ጨምሮ ትልልቅ ራሊዎችን አሸንፏል። የሳፋሪ ዋንጫ ግን አልነበረውም። ያ ዋንጫ እጁ ሊገባ ጥቂት ሲቀረው የመኪናው የኋላ ሰስፔንሽን ተሰበረ። ተሯሩጠው ጠገኑት፤ ሰዓቱ ግን ቆሞ አልጠበቃቸውም። ኬንያዊው ጆጊንደር ሲንግ በሚትሱቢሺ ኮልት ላንሰር ጥሏቸው ሄደ። ዋልደጋርድ ሁለተኛ ሆኖ ጨረሰ።

አሸናፊ ይሆን የነበረ መኪና በአንድ እግሩ ምክንያት ተሸነፈ። ይህ ቁጭት ፖርሽንም ሹፌሩንም ለዓመታት አልለቀቃቸውም።

ሳፋሪ እንደሌሎች ራሊዎች አልነበረም። በ1953 የእንግሊዟን ንግሥት ኤልሳቤጥ ሁለተኛ ዘውድ መጫን ምክንያት በማድረግ በኬንያ፣ በኡጋንዳና በታንጋኒካ ተጀመረ። ሹፌሮቹ ለቀናት በሺህ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ይነዳሉ። ጠዋት አቧራ፣ ከሰዓት ጭቃ፣ ማታ ደግሞ ጎርፍ የበላው ድልድይ ያጋጥማቸዋል። እንዲህ ያለውን መንገድ በፈረስ ጉልበት ብቻ አይወጡትም። ዋናው ጥያቄ ሻንሲው ከመሬት ስንት ሴንቲ ሜትር ይራቅ? እግሩስ ምን ያህል ይታጠፍ? የሚለው ነው።

ፖርሽ በ1978 ተመልሶ መጣ። ያመጣቸው ሁለት 911 ኤስሲ መኪኖች ከመሬት 28 ሴንቲ ሜትር ከፍ እንዲሉ ተደርገው ነበር። ለአስፋልት የተሠራ የስፖርት መኪና በቁመቱ ጂፕ መሰለ። ከሥር በወፍራም ብረት ተሸፈነ። ውጤቱ ግን አሁንም አጓጉቶ የሚያስቀር ሆነ። ኬንያዊው ቪክ ፕሬስተን ጁኒየር ሁለተኛ፣ ዋልደጋርድ ደግሞ አራተኛ ወጣ። ዋንጫውን ፈረንሳዊው ዣን ፒየር ኒኮላ በፔዦ 504 ወሰደው። ፖርሽ ሳፋሪን የዓለም ሻምፒዮና አካል በነበረበት ዘመን ሳያሸንፍ ቀረ።

ታዲያ አንድን መኪና ከፍ ማድረግ ይህን ያህል ምን ችግር አለው? ሞላውን በረጅም ሞላ ለውጦ መንዳት አይቻልም ወይ? የሚል ሊኖር ይችላል። በአሮጌው 911 ግን እንዲህ ቀላል አይደለም። ከ1963 ጀምሮ እስከ 1989 ድረስ በተሠራው 911 ላይ የተለመደው ጥቅል ሞላ የለም። ባሌስትራም የለውም። መኪናውን የሚሸከመው ቶርሽን ባር የሚባል ድፍን የብረት ዘንግ ነው። አንደኛው ጫፍ ከመኪናው ጋር ይታሰራል፣ ሌላው ጫፍ ጎማውን ከያዘው ክንድ ጋር ይገናኛል። ጎማው ጉብታ ላይ ሲወጣ ዘንጉ እንደ ተጨመቀ ልብስ ይጠመዘዛል፤ ጉብታው ሲያልፍ ወደ ቦታው ይመለሳል።

የፊቱን ከፍታ መለካካት ብዙ አያደክምም። በዘንጉ ጫፍ ላይ ያለች ብሎን ስትጠብቅ መኪናው ይነሳል፣ ስትላላ ይወርዳል። ሰው የሚያስለቅሰው የኋላው ነው። የኋላው ዘንግ በሁለቱም ጫፎቹ ላይ ጥርስ አለው። በውስጠኛው ጫፍ 40፣ በውጪኛው ጫፍ 44 ጥርስ ነው። የቁጥሩ መለያየት በስህተት የመጣ አይደለም፤ ታስቦበት የተሠራ ነው። ውስጡን በአንድ ጥርስ ማዞር ክንዱን 9 ዲግሪ ያንቀሳቅሰዋል። ውጪውን በአንድ ጥርስ በተቃራኒው መመለስ ደግሞ ከ8 ዲግሪ ትንሽ በለጥ ያለ ነው። ሁለቱ ሲቀናነሱ አንድ ዲግሪ የማትሞላ ለውጥ ትቀራለች። መካኒኩ በዚህች ትንሽ ልዩነት ተጠቅሞ ከፍታውን ያስተካክላል።

ለዚህ ሲባል ጎማው ይወልቃል፣ ሾክ አብዞርበሩ ይፈታል፣ ክንዱ ይወጣል። ክንዱ በዘንጉ ጉልበት ስለተወጠረ ሳይጠነቀቁ ከፈቱት ተፈናጥሮ እጅ ሊሰብር ይችላል። ከዚያ ነፃ የሆነው ክንድ የተንጠለጠለበት ማዕዘን ይለካል፣ ይገጠማል፣ መኪናው ከክሪክ ላይ ይወርዳል፣ ወዲያ ወዲህ ተነድቶ እንዲረጋጋ ይደረጋል። እንደገና ሲለካ ግራው ከቀኙ ዝቅ ብሎ ከተገኘ ሥራው ከሀ ይጀመራል። ልምድ ያላቸው ሰዎችም ቢሆኑ ሁለት ሦስት ጊዜ ፈተው መግጠማቸው የተለመደ ነው።

ከፍታው ተስተካከለ ማለት ግን መኪናው ተስተካከለ ማለት አይደለም። አራት እግር ያለው ጠረጴዛ በአንድ እግሩ ሥር ወረቀት ቢደረግለት ያ እግርና በአግድም የሚገኘው እግር ክብደቱን ይሸከማሉ፤ ሌሎቹ ሁለቱ ይቀላሉ። መኪናም እንዲሁ ነው። የፊት ግራው ብሎን ሲጠብቅ ክብደቱ ወደ ፊት ግራና ወደ ኋላ ቀኝ ይሄዳል። በዓይን ሲታይ ቀጥ ብሎ የቆመ መኪና ፍሬን ሲያዝ ወደ አንድ ጎን የሚስበው፣ ወደ ግራ ጥሩ ዞሮ ወደ ቀኝ የሚያስቸግረው በዚህ የተነሳ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ የእሽቅድምድም መካኒኮች በአራቱም ጎማዎች ሥር ሚዛን ያስቀምጣሉ። የጎማው ነፋስ ይስተካከላል፣ ቤንዚኑ ይመጠናል፣ በሹፌሩ ወንበር ላይ የሹፌሩን ያህል ክብደት ይጫናል። ግራና ቀኙን የሚያያይዘው የማረጋጊያ ዘንግም ይፈታል፤ ካልተፈታ ሚዛኑን ያሳስተዋል። በ911 ሞተሩ ከኋላ ስለሆነ ከጠቅላላው ክብደት 60 በመቶ ገደማው የኋላዎቹ ጎማዎች ላይ ያርፋል። ብሎን በማጥበቅ ይህን መቀየር አይቻልም። መቀየር የሚቻለው የአግድም ክብደቱን ነው፤ ሁለቱ አግድሞች እኩል እስኪቀራረቡ ድረስ ብሎኑ በሩብ ዙር፣ በሩብ ዙር ይነካል።

መኪና ከፍ ሲል ሌላም መዘዝ አለው። የኋላ ጎማዎቹ አናት ወደ ውጭ ያዘነብላል። ከካምቢዮው ወደ ጎማ የሚሄዱት ዘንጎች ስለሚንጋደዱ መገጣጠሚያቸው ቶሎ ይበላል። ከሁሉ የሚብሰው ደግሞ ሾክ አብዞርበሩን ሳይለውጡ ዘንጉን ብቻ አዙሮ ማንሳት ነው። ሾክ አብዞርበሩ ቆሞም ተዘርግቶ ስለሚያልቅ ጎማው ጉድጓድ ሲያገኝ ወደ ታች የሚወርድበት ቦታ ያጣል። አየር ላይ የቀረ ጎማ ደግሞ መሬት አይዝም። መኪናውን ለውበት ብሎ ዝቅ የሚያደርግ ሰው ተቃራኒው ይደርስበታል፤ እግሩ ወደ ላይ የሚሄድበት ቦታ አልቆ በእያንዳንዱ ጉብታ ብረት ከብረት ይማታል፣ መሪውም በጉብታ ላይ ብቻውን ይታገላል።

“ወፍራም ዘንግ ብገጥምስ?” የሚልም አለ። የዘንግ ጥንካሬ በውፍረቱ አራተኛ እጥፍ ስለሚያድግ 19 ሚሊ ሜትሩን በ21 መለወጥ መኪናውን በግማሽ ያህል ያጠነክረዋል። ሁለት ሚሊ ሜትር ብቻ! ለጠፍጣፋ የእሽቅድምድም ሜዳ ይጠቅም ይሆናል። በጠጠር መንገድ ላይ ግን ጎማው መሬቱን መከተል ትቶ ይዘላል።

ወደ ሳፋሪ እንመለስ። በ2003 የራሊውን 50ኛ ዓመት ምክንያት በማድረግ ለአሮጌ መኪኖች ብቻ የሚሆን የምሥራቅ አፍሪካ ሳፋሪ ክላሲክ ተጀመረ። ዋልደጋርድም ተመለሰ። እስከዚያ ድረስ የመጀመሪያው የዓለም የራሊ ሹፌሮች ሻምፒዮን በ1979 ሆኗል። ዋናውን ሳፋሪንም አራት ጊዜ፣ በ1977 በፎርድ፣ በ1984፣ በ1986 እና በ1990 ደግሞ በቶዮታ አሸንፏል። በ2007 ክላሲኩን በፎርድ ኤስኮርት ወሰደ። በፖርሽ ግን አሁንም ባዶ እጁን ነበር።

በኅዳር 2011 የእንግሊዙ የተትሂል ጋራዥ ያዘጋጀውን 911 ይዞ ኬንያና ታንዛኒያን ለሚያቋርጠው ውድድር ተነሳ። ዕድሜው 68 ዓመት ነው። ረዳቱ ደግሞ ልጁ ማቲያስ። በዚያ ዕድሜ ብዙው ሰው ጋቢ ለብሶ የልጅ ልጅ ያጫውታል፤ እሱ ግን ለቀናት አቧራ እየጠጣ ከወጣቶች ጋር ተናነቀ። በዚያ መንገድ ስንቱ መኪና እግሩ ተሰብሮ ቆሟል! የሽማግሌው 911 ግን በአራት እግሩ ቆሞ ገባ። አንደኛ! በ1974 በአንድ የተሰበረ እግር የጠፋው ድል ከ37 ዓመት በኋላ በዚያው ሹፌርና በዚያው የመኪና ዓይነት ተመለሰ።

ዋልደጋርድ በነሐሴ 2014 በ70 ዓመቱ አረፈ። በ2015 የአገሩ ልጅ ስቲግ ብሎምክቪስት ክላሲኩን ሲያሸንፍ የነዳው ፖርሽ 911 ነበር። ፋብሪካውም በ2022 ከመደበኛው 911 በ5 ሴንቲ ሜትር ከፍ ያለ፣ ዳካር የተባለ አዲስ መኪና አወጣ። በአዲሱ ላይ ሹፌሩ ቁልፍ ሲጫን መኪናው በራሱ ሌላ 3 ሴንቲ ሜትር ይነሳል።

በአሮጌው 911 ላይ ግን እንዲህ ያለ ቁልፍ የለም። ዛሬም ለክላሲክ ራሊ መኪና የሚያዘጋጅ መካኒክ 40ና 44 ጥርሱን እየቆጠረ፣ መኪናውን እያወረደና እያነሳ፣ ማስመሪያውን ይዞ ይንበረከካል። ዋንጫው የሚወሰደው ታንዛኒያ ሜዳ ላይ ይሁን እንጂ የሚጀመረው እዚያ ጋራዥ ወለል ላይ ነው።