ስለ ጉሬዛ መልክና ጠባይ

በወላይታ አገር በአረካ አጠገብ ከአንድ ገበሬ ቤት በእንግድነት ባደርንበት ሌሊት፥ ጎሕ ሳይቀድ ከወንዙ ዳር ዛፎች ላይ ወፍራም የማጓራት ድምፅ ሰማን። ጥቂት ቆይቶ ከማዶ ሌላ መለሰለት። አባወራውም «በቆሎዬን የጨረሰው ይህ ጉሬዛ ነው፤ ዛፉን ቆርጬ አባርረዋለሁ» ሲል አማረረ።

ሲነጋ ወጥተን ብንመለከት በበቆሎው መካከል ያገኘነው ጦጣ ነበረ፤ ፊቱ ጥቁር፥ ግንባሩም በነጭ መቀነት የታሰረ የሚመስል። ጉንጩን በእሸት ወጥሮ ሸሸ። ጉሬዛ ግን እህል የሚሸሽግበት የጉንጭ ከረጢት ከቶ የለውም፤ ዋና ምግቡም የዛፍ ቅጠል ነው። ሆዱ እንደ ላም ሆድ የተከፋፈለ ስለ ሆነ፥ ቅጠሉ እስኪብላላ ድረስ የቀኑን እኩሌታ ያህል ተቀምጦ ያሳልፋል። ሰነፍ ይመስላል እንጂ ሆዱ በሥራ ላይ ነው። ዱሩ በጠበበበት ስፍራ እርሱም አልፎ አልፎ ወደ እርሻ መውረዱን አንክድም።

ስሙን ለዓለም የሰጠች አገራችን ናት። ኤድዋርድ ሩፔል የተባለው ጀርመናዊ ሊቅ በ1835 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) ስለዚህ እንስሳ ሲጽፍ «ጉሬዛ» የሚለውን ስም እንዳለ ወሰደ። ወገኑ የሚጠራበት «ኮሎቡስ» የሚለው ስም ግን ከግሪክኛ የመጣ ሆኖ «የተቆረጠ» ማለት ነው፤ አውራ ጣቱ የለም እስከሚባል ድረስ አጭር ነውና።

ከጥቁር ገላው ላይ ከትከሻ ወደ ወገብ የሚወርደው ረጅም ነጭ ጠጉር ጌጡም መከራውም ሆነ። ባላባቶች ለምድ አሠርተውበታል፤ በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻም የአውሮፓ ወይዛዝርት ለልብሳቸው ስለ ፈለጉት እጅግ ብዙ ተገደለ።

እኛን ከሁሉ ይልቅ ያስደነቀን የቤተ ሰቡ ነገር ነው። አንድ አውራ ከጥቂት እንስቶችና ከልጆች ጋራ ይኖራል። ሕፃኑ ሲወለድ ሁለንተናው ነጭ ነው፤ እንደ ወላጆቹ የሚጠቁረው ከጥቂት ወራት በኋላ ነው። እናቲቱ ስትበላ ሌሎቹ እንስቶች እየተቀባበሉ ያቅፉታል።

በዚያም ጧት አንድ እንደ ጥጥ የነጣ ግልገል ከእቅፍ ወደ እቅፍ ሲተላለፍ አየን፤ የገበሬው ባለቤትም ከደጃፍዋ ቆማ፥ የራስዋን ልጅ አዝላ፥ ትስቅ ነበር። አባወራው ስለ ዛፉ አንዳች አልተናገረም፤ እስከ ተለየነውም ድረስ ምሳሩን አላነሣም።