ከአጣጥ የተገኘው መርዝ

ላስታ ደጋ ላይ አጣጥን የማያውቅ እረኛ አይገኝም። እሾሃም ነው፤ ለአጥር ይሆናል፣ ይነድዳል፣ በየቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ከጽድና ከወይራ ጥላ ሥር ይበቅላል። አጣጥ የምንለው አንድ ዝርያ ብቻ ሳይሆን ብዙ ዘመዳሞች ናቸው። ስለ ቁጥቋጦው ይህ ይበቃል፤ እኔን የሚያስደንቀኝ ከዘመዶቹ ከአንዱ የወጣው መርዝ ነው።

አሜሪካኖች በ1960 እ.ኤ.አ. የካንሰር መድኃኒት ፍለጋ የዓለምን ዕፅዋት መሰብሰብ ጀመሩ። ታክሶል የተባለው የካንሰር መድኃኒትም የተገኘው በዚሁ ዘመቻ ነው። ከኢትዮጵያ ከተወሰዱት መካከል ሜይቴነስ ኦቫተስ የሚሉት አጣጥ ይገኝበታል። በ1972 እ.ኤ.አ. የቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲው ኬሚስት ሞሪስ ኩፕቻንና ባልደረቦቹ ከእርሱ ሜይታንሲን የተባለ ንጥረ ነገር አወጡ። ከአንድ ኩንታል ደረቅ ተክል የሚወጣው ሃያ ሚሊግራም ገደማ ነው። ሕዋስ ለመከፈል የሚዘረጋቸውን ክሮች ያፈርሳል፤ በቤተ ሙከራ ሲለካ ቪንክሪስቲን ከተባለው የታወቀ የካንሰር መድኃኒት ከመቶ እጥፍ በላይ ገዳይ ሆኖ ተገኘ።

ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ላሊበላ የቅዳሜ ገበያ ላይ አንዲት እናት የአጣጥ ሥር እስር አንስተው «ለነቀርሳ ነው ልጄ፣ አፍልተህ ጠጣው» አሉኝ። «ስንት ነው የሚጠጣው እማማ?» ብላቸው መዳፋቸውን ዘርግተው አሳዩኝ። በእርሳቸው አልፈርድም፤ ከእናታቸው የሰሙትን ነው የነገሩኝ። የሚያናድደኝ ስልኩ ላይ «ፈረንጆች የካንሰር መድኃኒታችንን ሰረቁን» የሚል አንብቦ ለታመመች እህቱ ቅጠል የሚቀቅለው የተማረ ሰው ነው። የታሪኩን ግማሽ ብቻ ነው ያነበበው። ሜይታንሲን ነጥሮና በሚዛን ተለክቶ፣ ሐኪም አጠገብ ቆሞ በሕሙማን ላይ ተሞክሯል። አስመለሰ፣ አስቀመጠ፣ ነርቭ ጎዳ፤ ዕጢውን ሊያጠፋ የሚችል መጠን ሰውየውንም የሚጎዳ ሆነ። ስለዚህ ተጣለ። ባለሙያዎች በሚሊግራም ሰጥተው የፈሩትን በጭብጥ ቀቅሎ ማጠጣት ምን ይባላል? ጡቷ ላይ እብጠት ያገኘች ሴት ቅጠል ስትጠጣ የምታሳልፋቸው ወራት ደግሞ በኋላ አይመለሱም።

መርዙን መድኃኒት ያደረገው ተሸካሚ ማግኘቱ ነው። አንዳንድ የጡት ካንሰር ሕዋሳት፣ ከአምስቱ ሕመምተኞች በአንዷ ገደማ፣ ኸርቱ የተባለ ፕሮቲን በገጻቸው ላይ አብዝተው ያበቅላሉ። ትራስቱዙማብ የተባለው ፀረ እንግዳ አካል ይህን ፕሮቲን ለይቶ ይይዛል። ሳይንቲስቶች የሜይታንሲንን ልጅ፣ ኤምታንሲንን፣ በጠንካራ ማያያዣ ጫኑበት፤ በአንዱ ላይ በአማካይ ሦስት ተኩል ያህል። ደጁን እንደሚያውቅ የላስታ በቅሎ ጭነቱን ይዞ ይሄዳል፤ መርዙ በአብዛኛው የሚራገፈው ሕዋሱ ተሸካሚውን ከዋጠው በኋላ ነው። ያም ሆኖ ጉበትን ሊጎዳና የደም አርጊ ሕዋሳትን ሊቀንስ ስለሚችል ደም እየተመረመረ በየሦስት ሳምንቱ በደም ሥር ይሰጣል። አሜሪካ በየካቲት 2013 እ.ኤ.አ. ፈቀደችው፤ የገበያ ስሙ ካድሳይላ ነው። የዚሁ መርዝ ሌላ ልጅ በ2022 እ.ኤ.አ. ለእንቁላል ማምረቻ (ኦቫሪ) ካንሰር ተፈቅዷል።

ገንዘቡ ትልቅ ነው። የስዊሱ ኩባንያ ሮሽ ከካድሳይላ ብቻ በዓመት ሁለት ቢሊዮን ፍራንክ ገደማ ሸጧል። ማያያዣውን የሠራው ኩባንያ ኢሚውኖጅን ደግሞ አብቪ በተባለ ሌላ ኩባንያ በ10.1 ቢሊዮን ዶላር እንደሚገዛ በኅዳር 2023 እ.ኤ.አ. ተነገረ።

ይህን ሲሰማ «እንግዲያው አጣጥ ወደ ውጭ እንላክ» የሚል አይጠፋም። ማንም አይገዛውም። ፋብሪካው ዛሬ አንድ ባክቴሪያ በጋን አብላልቶ ከሜይታንሲን የሚቀራረብ ውህድ ያወጣል፤ መርዙን የሚሠራው ከዚያ ነው። ከሽያጩ ድርሻ እንጠይቅ እንዳንልም፣ ጥቅም መጋራትን የሚያዘው የእኛ አዋጅ ቁጥር 482 የወጣው በ1998 ዓ.ም. ነው፤ ናሙናው ከሄደ ከሠላሳ ዓመት በላይ ዘግይቶ።

የሚቀረን ሌላ ነው። በአጣጡ ውስጥም መርዙን የሚሠሩት አብረውት የሚኖሩ ባክቴሪያዎች እንደሆኑ ጥናቶች ያመለክታሉ። እኔ ተማሪ ብሆን ከይምርሐነ ክርስቶስ ደን የአንዲት አጣጥ ሥር ይዤ ማን እንደሚኖርባት እመረምር ነበር። ፈቃዱን የሚሰጠው የኢትዮጵያ ብዝኀ ሕይወት ኢንስቲትዩት ነው፤ የደኑን ግን አስቀድሞ ካህናቱን መጠየቅ ይገባል።